አባይ ማዶ ለትምህርት

አድምጡማ! የአንድ የወሎ ቦረና ልጅ ነገር ላውጋችሁ። ስሙን አልጠራላችሁም፤ ብዙ ነውና። ከመካነ ሰላም ደጋ ወርዶ፣ አባይን ተሻግሮ፣ ጎጃም ገብቶ ቅኔ የቆጠረ ሁሉ እሱ ነው። ዛሬ «ውጭ ሄዶ ተማረ» ሲባል ዓይናችን ወደ ሰማይ ይሄዳል፣ አውሮፕላን ፍለጋ። ያን ጊዜ ውጭ አገር ማለት አባይ ማዶ ነበር።

ልጁ ፊደሉንም ዳዊቱንም በሰፈሩ ደብር ጨርሷል። የቀረው ቅኔ ነው። ቅኔ ደግሞ ስመ ጥር ቤቶች አሉት፤ ዋድላ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ። ዋድላ የዚያው የወሎ ነው። ታዲያ ለምን ጎጃም? አትጠይቁኝ! ለቤቱ የቀረበ ተማሪ እርሻ ሲደርስ አባቱ ይጠራዋል፣ ድግስ ሲሆን እናቱ ታስጠራዋለች። ስለዚህ የራቀውን መረጠ። ለማንም ሳይነግር በሌሊት ጠፋ፤ የተማሪ ወጉ ነው።

ምን ይዞ ወጣ? ለምድ ለብሷል። አኮፋዳ አንግቷል። ቅሉ በጎኑ፣ ዱላው ለውሻ፣ ስንቁ ቆሎ። ለምዱ ከበግ፣ አኮፋዳው ከሣር፣ ቅሉ ከጓሮ። ሲያረጅ የት ይጣል ብሎ የሚጨነቅ የለም፤ የወደቀበት መሬት ይበላዋል።

ቁልቁለቱን ወረደ። ላዩ ብርድ፣ ታቹ ንዳድ። ክረምት ቢሆን አባይ አያሳልፈውም ነበር። ውሃው እስኪጎድል የጠበቀ ግን ዋናተኛ ይዞ ይሻገራል። ተሻገረና ከየኔታ ደጅ ደረሰ፤ ጎጆ ቀለሰ፤ ስሙም ቀረና «ወሎዬው» ተባለ።

አሁን ወደ ምሳው እንምጣ፤ የነገሬ እምብርት እሱ ነው። ተማሪ ሁሉ አንድ መንደር አይወርድም። መንደሮቹን ይከፋፈሏቸዋል፤ ዛሬ አንተ በወንዙ ማዶ፣ እኔ በኮረብታው ሥር። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ከደጅ ይቆማል። አንዷ ቁራሽ ታወጣለች። ሌላዋ እፍኝ ቆሎ። ሦስተኛዋ «እግዜር ይስጥህ ልጄ» ትላለች፤ የላትም፣ ያልፋታል። ማንም ቤት እስኪራቆት አይሰጥም፣ ተማሪውም አንዱ ቤት ላይ አይከብድም። ዝናብ የቀረበት ዓመት ሲመጣ አኮፋዳው ይቀልበታል። የአገሩን ጉዳት በጀርባው ተሸክሞ ያውቀዋል ማለት ነው። ምን ያህል እንደበላና ከማን እንደበላ የማያውቅበት ቀን አልነበረም።

ትምህርቱስ? ሌሊት የቃል ትምህርት ነው፤ መብራት አይፈልግም። ጨለማ ውስጥ የኔታ ይጠይቃሉ፣ ተማሪው ይመልሳል። ቀን ብርሃን ሲሆን መጽሐፍ ይታያል። መጽሐፉ ብራና፣ ብዕሩ መቃ፣ ጥቁሩ ቀለም ጥላሸትና ቅጠል።

ወሎዬ ነኝና ሌላውን ልጅ ሳላነሳ አላልፍም። በዚያው ወግ የእስልምናው ተማሪ፣ ደረሳውም፣ ይጓዛል። እሱ ሼህ ሙሐመድ ሻፊ ወዳቀኑት ወደ ጃማ ንጉሥ፣ ወይም ወደ ዳና፣ ወይም ወደ ጌታ ያቀናል። እሱንም የሚያበላው የአካባቢው ሰው ነው፣ እሱም ጎጆ ነው የሚያድረው። የቄሱ ተማሪና የሼኹ ደረሳ አንድ ዛፍ ሥር አርፈው ቆሎ ቢካፈሉ በወሎ ማን ይደነቃል?

ደግሞ እንዳታስውቡት! ያ ልጅ «አካባቢዬን ልጠብቅ» ብሎ አይደለም እንዲህ የኖረው፤ ስላልነበረው ነው። እከኩ አለ፣ ራቡ አለ፣ የሰው ደጅ ውሻ አለ፣ ንዳድ ገድሎ ያስቀረውም አለ። ጎጆውም ከእንጨት ነው የተቀለሰ፣ የሚሞቀውም እሳት ከዚያው ጫካ ነው። ድህነትን ጽድቅ አላደርገውም። እኔ የምወድለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚያኖረውን አገር ፊት ለፊት ያየው ነበር።

ዛሬስ? ዛሬ ነገሩ ተገልብጦ መካነ ሰላም ራሷ ተማሪ ተቀባይ ሆናለች። ከመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች አንዱ ቱሉ አውሊያ፣ አንዱ እዚሁ ነው። ከደሴ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ተጉዞ፣ ከሌላ ክልል ተመድቦ የሚመጣን ልጅ የደጋው ብርድ ይቀበለዋል። ግቢ ገብቶ ካፌ ይሰለፋል። ሳህኑ ይሞላለታል፤ ምድጃው በምን እንደነደደ አያይም። ውሃውን ጠጥቶ ሃይላንዱን ይጥላል፣ ዳቦውን በፌስታል ይይዛል፤ ሁለቱንም መሬት አይበላቸውም። «እግዜር ይስጥህ» የምትለው እናት በመካከል የለችም።

ደንቆሮ ጫካ ደግሞ እዚያው ቦረናና ሳይንት ላይ አለ፤ ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ታቹ ወይራና ጽድ፣ ከፍ ሲል ኮሶ፣ ከዚያ አስታ፣ ከዚያ ጓሳና ጅብራ። ጭላዳ በገደሉ ይሰማራል። ቀይ ቀበሮም አለ፤ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የሌለ፣ ቁጥሩ የተመናመነ። አራት ዓመት መካነ ሰላም ተምሮ ይህን ሳያይ የሚመረቅ ልጅ ካለ፣ እኔ ተማረ አልለውም።

ሌላው ደግሞ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ይበራል። መልካም፣ ይብረር። ግን ሂሳቡን ይስማ። ከአዲስ አበባ አውሮፓ ደርሶ መልስ ለአንድ ተሳፋሪ የሚደርሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አንድ ቶን ገደማ ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ በአማካይ ዓመቱን ሙሉ ከነዳጅ የሚደርሰው ግን ከሩብ ቶን ያንሳል። በአንድ ጉዞ የብዙ ጎረቤቶቹን የዓመት ድርሻ አቃጠለ ማለት ነው። ደጅ ቆሞ የለመነው ስለሌለ አይሰማውም እንጂ። እንግዲህ ወሎዬው እንዳደረገው ይሁና፤ በየበዓሉ ከመመላለስ አንዴ ሄዶ፣ ተምሮ፣ ጨርሶ መምጣት። እዚያም ብስክሌት አለ፣ ባቡር አለ፤ ሁለቱም ከአባይ ቁልቁለት ይቀላሉ።

ያን ቶን የሚያወራርድ ሂያጅ አለ ወይ ካላችሁ፣ አለ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ሆላንድ፣ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተማሩ። የዶክትሬት ጽሑፋቸው በ2007 እንደ ፈረንጆቹ ሲወጣ ስለ ሆላንድ ደን አልነበረም፤ ስለ ደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ደን ነበር። 28 ደብር ዞረው 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዘገቡ። የቆሎ ተማሪ ጎጆ የሚቀልስበትን ያንኑ ጥላ!

ያዩት ችግር ከብት ነው። በሬውና ፍየሉ ገብቶ ችግኙን ይበላል፣ ይረግጣል፤ ሽማግሌው ዛፍ ሲወድቅ የሚተካው የለም። ቆየት ብለው ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ተባብረው የደብሮቹን ደን በድንጋይ ካብ ማሳጠር ጀመሩ። ሲሚንቶ የለም። ድንጋዩን ገበሬው ከገዛ ማሳው ለቅሞ ያመጣል፤ ደኑ ታጠረ፣ ማሳውም ለሞፈሩ ተመቸ። ካህናቱም ደስ አላቸው።

ድንጋይ ከሆነ ቦረናም ሳይንትም ሞልቷል። ከብቱም እንደዚያው።