አልጋ ድረስ የሚመጣ ሬዲዮ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዘመድ ላስታምም በአንድ ከተማ ሆስፒታል ሁለት ሳምንት ከርሜ ነበር። ከእኛ ቀጥሎ ባለው አልጋ ከአበርገሌ የመጡ እናት ተኝተዋል። ቋንቋቸው ኽምጣና ነው፤ አማርኛ ጥቂት ይሰማሉ እንጂ አይናገሩም። ሐኪም ሲመጣ ልጃቸው ይተረጉምላቸዋል። ልጁ መድኃኒት ፍለጋ ከወጣ ግን እስኪመለስ ድረስ ዝም ነው። አንድ ምሽት ስልኩ ላይ የነበረ የኽምጣና ዘፈን ከፍቶ ትራሳቸው አጠገብ አኖረላቸው። ቀና ብለው ተቀመጡ። ማዶ አልጋ ላይ ላሉት ሴትዮም በእጃቸው «ስሚ» አሉ።

ወዳጆች፣ የሆስፒታል ሬዲዮ የሚባለውን ነገር ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 በዋሽንግተኑ ዋልተር ሪድ ወታደራዊ ሆስፒታል የተኙ ቁስለኞች ከአልጋቸው ሳይነሱ በጆሮ ማዳመጫ ሬዲዮ ይሰሙ ነበር። በእንግሊዝ ደግሞ በ1925 ዮርክ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ተተከለ፤ የኳስ ጨዋታና የቤተ ክርስቲያን ጸሎት ለሕሙማን ይተላለፍ ጀመር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቴፕ ሲረክስ የበጎ ፈቃደኞች ጣቢያዎች በየሆስፒታሉ ፈሉ። አብዛኞቹ ምሰሶም ሞገድም አልነበራቸውም፤ ከአንዲት ጠባብ ክፍል ተነስቶ በየአልጋው ራስጌ የሚደርስ ሽቦ ብቻ። ቀን ሌላ ሥራ የሚውል ሰው ማታ ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ በየክፍሉ ይዞራል፤ «ምን ዘፈን ልጋብዝዎ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ተመልሶ ያንኑ ያጫውታል። ኬን ብሩስን የመሰለ የቢቢሲ ስመ ጥር አቅራቢ የጀመረው ግላስጎው ውስጥ እንዲህ ባለ ጣቢያ ነው።

«መድኃኒት በጠፋበት አገር ዘፈን?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ግን ዮርክ ላይ ሽቦው ሲዘረጋ እንግሊዝም ብትሆን የዛሬው የመንግሥት ሕክምና አልነበራትም፤ እሱ የመጣው በ1948 ነው። ያን ጊዜ ብዙው ሆስፒታል የሚተዳደረው በምጽዋትና በመዋጮ ነበር። ሬዲዮው የድሎት ልጅ አይደለም።

እኛ ጋ ሬዲዮ የመጣው ከላይ ነው። በመስከረም 1928 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ወረራ ደጅ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ንጉሠ ነገሥቱ መርቀው ከፈቱት። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ሬዲዮ የሚናገር፣ ሕዝብ የሚሰማ ሆኖ ኖረ። እርግጥ «የዘፈን ምርጫ» ነበር፤ ለእናቴ፣ ለአባቴ፣ ለጓደኞቼ እያልን ያላደግን የለንም። ደብዳቤ መጻፍ ለማይችል፣ ያውም አማርኛ ለማይናገር ሰው ግን ያ በር ጠባብ ነው።

በሩን ከፈት ያደረገው በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 533 ነው፤ ከመንግሥትና ከንግድ ጣቢያ ጎን የማኅበረሰብ ሬዲዮን አስቀመጠ። በእኔ እምነት ከዚያ ሕግ ፍሬዎች ጥሩዎቹ የበቀሉት አዲስ አበባ ላይ ሳይሆን ሰቆጣን በመሰለ ቦታ ነው። የዋግ ኽምራ ማኅበረሰብ ሬዲዮ እዚያ አለ። የአማራ ሬዲዮም በኽምጣና ያሰራጫል። ቋንቋው ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ የዛግዌ ነገሥታት ወገን ነን የሚሉት ዋግሹሞች ከተቀመጡበት አገር ሆኖ ሳለ በማይክሮፎን ፊት የቀረበው ግን ትናንት ነው።

እዚያው ሰቆጣ የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ። ከደሃና፣ ከዝቋላ፣ ከጋዝጊብላ ሕመምተኛ ይመጣበታል። ጦርነቱ ዋግን ከነካ ወዲህ ደግሞ ተፈናቃዩ ተጨምሯል። ሬዲዮና ሆስፒታል በአንድ ከተማ ካሉ የሚጎድለው በመሃል የሚመላለስ ሰው ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን መቅረጫ ይዞ በተኝቶ ታካሚዎች ክፍል የሚዞር፣ ኽምጣና የሚናገር ወጣት። ፈቃድ ይጠይቃል፤ ስም መጥራት የማይፈልግ ቀበሌው ብቻ ይጠራለታል፤ የበሽታው ዓይነት በጭራሽ አይነሳም። ድምፅ ማጉያው ዝቅ ይላል፤ ጽኑ ሕሙማን ያሉበት ክፍል ይቀራል። ዮርክ ከነበራት የሚበልጥ ዕቃ ዛሬ በአንድ ስልክ ውስጥ አለ።

ያን ምሽት እናትየው ዘፈኑ ሲያልቅ ልጃቸውን አንድ ነገር ጠየቁት። ምን እንዳሉ ስጠይቀው «ይሄ ሬዲዮ ከሰቆጣ ነው ወይ የሚመጣው? አሉኝ» አለ።

«ምን አልካቸው?»

«አዎ አልኳቸው።»