የመኪና ቀለም ጭረትን በማሽን ፖሊሽ ማስወገድ

በማሽን ፖሊሽ የመኪና ጭረት ማስለቀቅ መሙላት ሳይሆን መፋቅ ነው። በፖሊሽ ውህዱ ውስጥ ያሉት ደቃቅ ፋቂ ቅንጣቶች በሚሽከረከረው ስፖንጅ እየተገፉ በጭረቱ ዙሪያ ያለውን ክሊር (ከቀለሙ በላይ ያለውን ግልጽ ሽፋን) ዝቅ ያደርጉታል፤ ዙሪያው ከጭረቱ ወለል ጋር ሲስተካከል ብርሃን መሰባበሩን ያቆማል፣ ጭረቱም ከዓይን ይጠፋል። የፋብሪካ ክሊር ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ነው፤ ከአንድ የጽሕፈት ወረቀት ይሳሳል። ቀለሙን ከፀሐይ የሚከላከለውም እሱ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ፖሊሽ ከማይተካ ሀብት ላይ የሚቀነስ ወጪ ነው። በእጥበት ጨርቅ የመጣ የሸረሪት ድር መሰል ጭረት በጥቂት ማይክሮን ይለቃል። ጥፍር ሲሳብበት የሚይዝ ጭረት ግን አብዛኛውን ጊዜ በፖሊሽ ብቻ አይጠፋም፤ ከቀለሙ ስር ያለው ፕራይመር ወይም ቆርቆሮ ከታየበት ደግሞ ቀለም መቀባት ግድ ነው።

«ጥልቁም ጭረት ሲጠፋ አይተናል» የሚል ይኖራል። አንዳንድ ውህዶች ጭረቱን ለጊዜው የሚሸፍን ቅባት ስላላቸው ነው፤ በአልኮል ሲወለወል ተመልሶ ይታያል። «ኃይለኛ ማሽን ይፈታዋል» የሚለውም አያስኬድም። በአንድ ዘንግ ብቻ የሚዞረው ማሽን በእርግጥ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን አንድ ቦታ ላይ ከቆየ ሙቀቱ ክሊሩን ያቃጥላል፣ በተለይ ቀለም በሚሳሳበት የበርና የኮፈን ጠርዝ ላይ። እየዞረ ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዘው ዓይነት ይዘገያል እንጂ ለጀማሪ እጅ የተሻለ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ በቀለም ውፍረት መለኪያ መፈተሽ፣ ከዚያም በለስላሳው ስፖንጅና ውህድ ትንሽ ቦታ ላይ መሞከር ይገባል።