የባልጩት ጫፎችና መዝገባቸው

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ አንድ የቆየ የዕቃ ማኖሪያ ክፍል በገባን ጊዜ፥ በሣጥን የተደረደሩ ከሠላሳ የሚበልጡ የባልጩት ጫፎች ተመለከትን። ሥራቸው እጅግ ያማረ፥ ስለታቸውም ገና ጣት የሚቈርጥ ነበር። ነገር ግን ከየት እንደ መጡ የሚናገረውን ወረቀት ብል በልቶት ስለ ነበረ፥ ከውበታቸው በቀር የሚመሰክሩት ነገር አልነበራቸውም። የብራና መጽሐፍ ገጾቹ ቢበታተኑ ንባቡን የሚያውቅ ሊቅ መልሶ ይጠርዘዋል፤ ድንጋይ ግን ከተገኘበት የአፈር ንብርብር አንድ ጊዜ ከተለየ ወደ ስፍራው የሚመልሰው መዝገቡ ብቻ ነው።

ለዚህ ከዝዋይ ሐይቅ በስተ ምዕራብ ያለው ጋደሞታ ምስክር ይሆነናል። በዚያ ስፍራ ፍሬድ ዌንዶርፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቈፍረው ብዙ የባልጩት ዕቃ አወጡ። የዕቃው ንብርብር ተለይቶ የታወቀ ስለ ነበረ፥ እ.ኤ.አ. በ2008 በላዩ ያረፈው የእሳተ ገሞራ አመድ ዕድሜ እንደገና ሲመረመር ከ276 ሺህ ዓመት የማያንስ ሆኖ ተገኘ። ይህም አስቀድሞ ከተገመተው እጅግ የራቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ዮናታን ሳህሌና ባልደረቦቹ በጫፎቹ ላይ ያለውን ስብራት መርምረው፥ ከእነርሱ አንዳንዶቹ እንደ ጦር ተወርውረው የተሰበሩ መሆናቸውን አስታወቁ። እንግዲህ መዝጋቢ ገና በመጀመሪያው ቀን «የጦር ጫፍ» ብሎ ቢጽፍ ፍርዱ ከምርመራው ይቀድማል፤ «ሹል ባልጩት፥ ጫፉ የተሰበረ» ቢል ግን ለሚመጣው ተመራማሪ በሩን ክፍት ይተውለታል።

ሥራው ራሱ አድካሚ ነው። ቍጥሩ ስለቱን በማይነካ ስፍራ በደቃቅ ጽሕፈት ይጻፋል፤ ርዝመቱ፥ ስፋቱ፥ ውፍረቱና ክብደቱ ይለካል፤ እጀታ እንዲቀበል ግርጌው ሳስቶ እንደ ሆነ ይታያል። አንዳንድ ጊዜ እጥበት እንኳ ይከለከላል፤ በስለቱ ላይ የቀረው ጥቂት እድፍ የጥንት ሙጫ ወይም ደም ሊሆን ይችላልና።

ልኬት ግን ብቻውን ያሳስታል። በኮንሶ በድንጋይ መፋቂያ ቆዳ የሚፍቁ ሴቶች እስከ ዘመናችን ድረስ ቈይተዋል። መፋቂያቸው በደነዘዘ ቍጥር እየሳሉት ያጥራል፤ የሚጥሉትም ከእንግዲህ የማይሳል ሲሆን ነው። ስለዚህ ከመሬት ወጥቶ የምንለካው ዕቃ ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ የጨረሰው ነው እንጂ ሲሠራ ያሰበው አይደለም። ይህን ያስተማረን ከመጻሕፍት ይልቅ፥ ሰው ሲንቀው የኖረው የፋቂዎች ሙያ ነው።

አጥንት ከድንጋይ ይልቅ አታላይ ነው። ጅብ የቈረጠመው፥ ጎርፍ ያንከባለለው፥ ከብት የረገጠው ሁሉ የሰው እጅ ሥራ መስሎ ይታያል። ስለዚህ የአውሬ ጥርስ ምልክትም ሆነ የተመታው ጠርዝ አቅጣጫ በመዝገብ መግባት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2020 ከዚያው ከኮንሶ የተገኘ፥ 1.4 ሚሊዮን ዓመት ያስቈጠረ አንድ የአጥንት መጥረቢያ ለዓለም ተገለጠ። ርዝመቱ 13 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን የተጠረበው ከጉማሬ የጭን አጥንት ነው፤ በጠርዙ ላይ ያለው መሻሻትም ለመቍረጥና ለመገዝገዝ እንዳገለገለ ያሳያል። በኮንሶ የድንጋይ መጥረቢያ በብዛት ይገኛል። ድንጋይ ያላጣው ያ ሠራተኛ አጥንቱን ለምን እንደ መረጠ መርማሪዎቹ ገና ይጠይቃሉ።