ኮሌራ የጠጡት ሰዎች እና የእናቴ አንጀት

ወዳጆቼ፣ የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ወሬው ስለ አንጀት ስለሆነ ግን ምግብ ላይ ያላችሁ ቆየት ብላችሁ ተመለሱ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው ከእናቴ ነው። ጥርሷን አሟት አንቲባዮቲክ ታዘዘላት፣ ጨረሰችው፣ ጥርሷም ተሻላት። ከሳምንት በኋላ ተቅማጥ ያዛት። እኔስ ምን አደረግሁ? እንደ ብዙዎቻችን ማንንም ሳልጠይቅ ሌላ አንቲባዮቲክ ገዝቼ መጣሁና «ይህን ዋጪ፣ ይቆምልሻል» አልኳት። ባሰባት። አቅም ስታጣ ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቃት ምን እንደበላች አልነበረም። «እማማ፣ በቅርቡ ምን መድኃኒት ወስደዋል?» አላት። እሷ ወደኔ ዞራ አየችኝ። መልሱን የማውቀው እኔ ነበርኩ፣ አፈርኩ።

እግዚአብሔር ይመስገን ዳነች። ያቺ ጥያቄ ግን አልለቀቀችኝም። የጥርስ መድኃኒትና የአንጀት በሽታ ምን አገናኛቸው? ማንበብ ጀመርኩ፣ ንባቡም ወደ 1892 ወሰደኝ።

በዚያ ዓመት የጀርመኗን ሐምቡርግ ኮሌራ ገብቶባት ከ8,000 በላይ ሰው ጨረሰ። ሮበርት ኮኽ የኮሌራን ባክቴሪያ ለይቶ ካሳወቀ ስምንት ዓመት ያህል ሆኖታል። ሙኒክ የነበሩት አዛውንት ፕሮፌሰር ማክስ ፎን ፔተንኮፈር ግን «ተህዋሲው ብቻውን ሰው አያሳምምም» ብለው ሙጭጭ አሉ። ታዲያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? በጥቅምት ወር፣ በ73 ዓመታቸው፣ የኮሌራ ባክቴሪያ የተራባበትን መረቅ በሰው ፊት ጭልጥ አድርገው ጠጡት! የጨጓራቸው አሲድ ባክቴሪያውን ገደለው እንዳይባልም አሲዱን የሚያረክስ ሶዳ ቀላቀሉበት። የገጠማቸው ቀላል ተቅማጥ ብቻ ነበር። ተማሪያቸው ኤመሪኽም ተከትሎ ጠጣ። እሱን ጠንከር አድርጎ ያዘው፣ ግን ዳነ።

ፔተንኮፈር በዋናው ነገር ተሳስተው ነበር። ኮሌራን የሚያመጣው ያ ባክቴሪያ ነው፣ አለቀ። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ጥለው አለፉ፦ ያንኑ ተህዋሲ የዋጡ ሰዎች ለምንድን ነው አንዱ የሚሞተው፣ ሌላው የሚተርፈው?

ጥያቄውን ያነሳው ፓሪስ በፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠራ የነበረው ሩሲያዊው ኢሊያ ሜችኒኮፍ ነው። ይህ ሰው በ1882 ሲሲሊ ውስጥ የባሕር ኮከብ እጭ ላይ እሾህ ሰክቶ፣ ሕዋሳት ተሯሩጠው እሾሁን ሲከቡት ያየ ነው። ወራሪ ተህዋሲን እየዋጡ የሚያጠፉ ሕዋሳት በሰውነታችን እንዳሉ ያስተማረን እሱ ነው፣ በ1908ም ከፓውል ኤርሊኽ ጋር ኖቤል ተሸልሞበታል። ሜችኒኮፍም ኮሌራ ጠጣ። ምንም አልሆነም። ፈቃደኛ ረዳቶቹም ጠጡ፣ አንዱ ግን ለጥቂት ከሞት ተረፈ። ሜችኒኮፍ ወደ ቤተ ሙከራው ተመልሶ የኮሌራን ባክቴሪያ ከሌሎች ተህዋሲያን ጋር አንድ ሳህን ላይ አሳደገው። አንዳንዶቹ ሲያግዙት ሌሎቹ እድገቱን ገቱት። ስለዚህ ልዩነቱ ያለው አንጀታችን ውስጥ ቀድመው ከሰፈሩት ጋር ሊሆን ይችላል ብሎ አሰበ። የሚገርመው፣ እሱ ራሱ የትልቁ አንጀት ተህዋሲያን በአብዛኛው ጎጂ ናቸው ብሎ ያምን ነበር። እርጎ ጠጡ እያለ ይሰብክ የነበረውም ለዚሁ ነው።

ከዚያ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ጀርመናዊው ሐኪም አልፍሬድ ኒስለ ጓዶቹ በአንጀት በሽታ ሲወድቁ እሱ ብቻ ጤነኛ የሆነ ወታደር አገኘ። ከወታደሩ ሰገራ ኢ. ኮላይ የሚባለውን ባክቴሪያ አንድ ዓይነት ለይቶ አወጣ፣ በ1917ም መድኃኒት አደረገው። ዛሬም ይሸጣል።

እኔን ቆም አድርጎ ያሳሰበኝ ግን የ1954ቱ ሙከራ ነው። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ማርጆሪ ቦንሆፍና ፊሊፕ ሚለር የተባሉ ተመራማሪዎች አይጦችን ሳልሞኔላ አበሏቸው። ጤነኛ አይጥን ለማሳመም 100,000 ያህል ባክቴሪያ ያስፈልግ ነበር። ቀድሞ አንድ ጊዜ ስትሬፕቶማይሲን ለተሰጠው አይጥ ግን፣ በኋላ እንዳረጋገጡት፣ ከ10 ያነሱ በቂ ነበሩ። አስቡት! መድኃኒቱ የአይጡን ነባር ባክቴሪያዎች ጠራርጎ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። እዚህ ላይ ስደርስ እናቴን አሰብኳት።

ነባሮቹ በሩን የሚጠብቁት እንዴት ነው? አንደኛ፣ ቦታውንና ምግቡን ይዘውታል፣ እንግዳው የሚቀመጥበትም የሚበላውም ያጣል። ሁለተኛ፣ እኛ መፍጨት ያቃተንን የእህልና የአትክልት አሰር አብላልተው ለወራሪዎች የማይመች አሲድ ያመርታሉ። ሐሞታችንንም ይለውጡታል፣ የተለወጠው ሐሞት ደግሞ አንዳንድ ክፉ ባክቴሪያዎችን እንዳያድጉ ያደርጋል።

ሦስተኛው ዋናው ነው፦ የሰውነታችንን ዘብ ያሠለጥናሉ። ምንም ተህዋሲ በሌለበት ክፍል ያደጉ አይጦች የአንጀታቸው መከላከያ ጫጭቶ ይቀራል፣ አንጀት ውስጥ የሚረጨው ፀረ እንግዳ አካልም በጣም ያንሳል። ባክቴሪያ ሲሰጣቸው ግን መከላከያው ይነቃል። በ2009 ደግሞ ክር የሚመስል አንድ የአንጀት ባክቴሪያ ብቻውን የአይጦችን የመከላከያ ሕዋሳት ቀስቅሶ ከአንጀት በሽታ እንደሚጠብቃቸው ታየ። ዘቡ በበኩሉ ነባሮቹን ዝም ብሎ አይለቃቸውም። በዝልግልጉ ፈሳሽና ባክቴሪያ በሚገድሉ ፕሮቲኖች ከአንጀት ግድግዳ ራቅ አድርጎ ያኖራቸዋል። አንዱ ያለ ሌላው አይሆንለትም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እዚህም ይሠራል።

ነባሮቹ ሲጠፉ በተከፈተው በር ከሚገቡት አንዱ ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል ነው። አንቲባዮቲክ ከተወሰደ በኋላ ለሚመጣ ከባድ ተቅማጥ ዋና ምክንያት መሆኑ የታወቀው በ1978 ነው። ከዚያ 20 ዓመት ቀድሞ፣ በ1958፣ ዴንቨር ውስጥ ቤን አይዝማን የተባለ ቀዶ ሐኪም ከአንቲባዮቲክ በኋላ አንጀታቸው የታመመባቸውን አራት ሰዎች በጤነኛ ሰው ሰገራ አከማቸው። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል። ዳኑ። በ2013 በሆላንድ በተደረገ ሙከራ ደግሞ በሽታው ከተመላለሰባቸው 16 ሰዎች 13ቱ በአንድ ጊዜ የሰገራ ንቅለ ተከላ ዳኑ። ቫንኮማይሲን ብቻ ከወሰዱት 13 ሰዎች የዳኑት 4 ናቸው። (ይህ ለጋሹ ተመርምሮ ሐኪም የሚሠራው ሕክምና ነው፣ ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት አደራ!)

አትሳሳቱ፣ አንቲባዮቲክ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። የእናቴን ጥርስ ያዳነው እሱ ነው። ስንቱን ሕፃን ከሞት አትርፏል። ጥፋቱ የኔ ነበር፣ ሳልጠይቅ የገዛሁት።

ስለዚህ ተቅማጥ በያዛችሁ ቁጥር አንቲባዮቲክ ለመግዛት አትሩጡ። ቀድሞ የሚያስፈልገው ፈሳሽና ኦአርኤስ ነው። ደም ካለው፣ ትኩሳት ካለ፣ ወይም ሰውየው ከደከመ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ ሰሞኑን የወሰዳችሁትንም መድኃኒት ሳትጠየቁ ተናገሩ።

እናቴ ይህን ሁሉ ሳነብላት ዝም ብላ ሰማችኝና «እንግዲህ ከኔ ጋር ያን ያህል ሠራዊት ካለ፣ ሁለተኛ ሳታማክረኝ እንዳትዘምትበት» አለችኝ።

እሺ እማዬ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም።