በዘንግ ላይ የተደፋ ጣሳ

በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ጎጃም ለሚያቀና ደግሞ ሱሉልታ። ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለሉ እንጂ የአዲስ አበባ በሮች ሆነው የኖሩ ናቸው። እህል ጭኖ ወይም ከብት ነድቶ ለሚያልፍ ገበያተኛ ጉሮሮውን የሚያርስበትን ቤት የሚነግረው ጽሑፍ አልነበረም። ከአጥሩ በላይ በዘንግ ጫፍ የተደፋ ጣሳ ካየ ጠላ አለ። ካላየ መንገዱን ይቀጥላል።

ስለዚህ ጣሳ ሲወራ ገበያ መጥራቱ ብቻ ይነሳል። ለጠማቂዋ የሚሰጣት ፋታ ግን ከዚያ አያንስም።

ጠላ ቤት መኖሪያም ነው፤ ልጅ የሚያድግበት፣ ወጥ የሚሠራበት። በኦሮምኛ ፋርሶ የሚባለው ይህ መጠጥ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። ጌሾው ተወቅጦ ይጠነሰሳል፤ ቂጣው ተጋግሮና ተቆራርሶ ከብቅሉ ጋር ይገባል፤ ድፍድፉ ቀናት ይቆያል። እጇ ሊጥ በሊጥ ሆኖ፣ ምጣዱ ግሎ ሳለ በየደቂቃው «ቤቶች!» የሚላት ቢበዛ ቂጣው ያርራል። ስለዚህ ጋኑ ሲሟጠጥ ጣሳውን ታወርዳለች። ደጁ ሳይዘጋ፣ ማንም ሳይቀየም፣ መንገደኛው «ዛሬ የለም» የሚለውን ከሩቅ አንብቦ ያልፋል።

ልማዱ መቼ እንደተጀመረ የሚናገር ቀን የለውም። ጣሳው ራሱ ግን ፍንጭ ይሰጣል፦ የፋብሪካ ቆርቆሮ ነውና፣ በዚህ መልኩ የታሸገ ሸቀጥ ወደ አገር ከመግባቱ በፊት ሊሰቀል አይችልም። ባዶውን ዕቃ ለመጠጫም ለምልክትም ያዋሉት ሴቶች ብልሃት ይደንቃል።

ከኦስትሪያዋ ቪየና ዙሪያ ያሉ ወይን አምራቾችም ተመሳሳይ መላ አላቸው። ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1784 ገበሬው የራሱን ወይን በቤቱ እንዲሸጥ ፈቀደ። ሻጩ ቤቱን ሲከፍት የጥድ ቅርንጫፍ በደጁ ይሰቅላል፣ ሲዘጋ ያወርዳል። ሁለቱ ልማዶች ሳይተዋወቁ የተገናኙት፣ ሥራውም መኖሪያውም አንድ ጣሪያ ሥር ስለሆነ ይመስላል።

የሰበታው ሜታ ቢራ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲቋቋም ለአካባቢው ሌላ ዓይነት መጠጥ መጣ፤ ከቢራ ጋር ደግሞ በቀለም የተጻፈ ማስታወቂያ። ማስታወቂያው ቢራ ቢኖርም ባይኖርም በግድግዳው ላይ ይውላል ያድራል። የመጠጡን ስም ያስተዋውቃል እንጂ የዛሬን ነገር አይናገርም። ጣሳው ግን በየጋኑ ይወጣል፣ ይወርዳል።

ድፍድፉ በውኃ ተሞልቶ፣ አፉ ተከድኖ ሲጠራ ጋኑ ይከፈታል። ጠማቂዋ ቀድታ መጀመሪያ ራሷ ትቀምሳለች። ጌሾው ልኩን ከያዘላት ጣሳውን አንስታ ወደ አጥሩ ትወጣለች።