ሁለት እጅ ብቻ



በመካከላችን አንድ ሰው ድንገት ተዝለፍልፎ ሲወድቅ ምን እናደርጋለን? ከበን እንቆማለን። አንዱ ውሃ ይረጫል፣ ሌላው ክብሪት ይጭራል፣ ሌላው መኪና ፍለጋ ይሮጣል። ልቡ ቆሞ ከሆነ ግን አንጎሉ ያለ ደም የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። እነዚያን ደቂቃዎች በእጃችን ማትረፍ እንደምንችል የሰው ልጅ በደንብ ያወቀው ገና ትናንት ነው። ታሪኩን እንይ።

እ.ኤ.አ. በ1767 በአምስተርዳም በየቦዩ የሚሰምጡ ሰዎችን የሚያድን ማኅበር ተቋቋመ። ለንደንም በ1774 ተከተለች። ያኔ ትክክሉና ስህተቱ ተደበላልቆ ነበር። አፍ ለአፍ እስትንፋስ ይሰጡ ነበር፤ የትንባሆ ጭስም በመቀመጫ በኩል ይነፉ ነበር። አንሳቅባቸው። ቢያንስ የወደቀውን ሰው «አልቆለታል» ብለው አልተዉትም።

ከዚያ ወዲህ ለረጅም ዘመን ጀርባን መጫንና ክንድን ማንሳት ተለመደ። በ1950ዎቹ ፒተር ሳፋር የተባለ ሐኪም በባልቲሞር በፈቃደኞች ላይ ሞክሮ፣ አንገትን ወደ ኋላ አቅንቶ አፍ ለአፍ መተንፈስ እንደሚበልጥ አሳየ።

የቆመ ልብን ለማንቀሳቀስ ግን ሐኪሞች ደረት ቀደው ልብን በእጃቸው ይጨምቁ ነበር። በ1958 እዚያው ባልቲሞር፣ በጆንስ ሆፕኪንስ፣ ወጣቱ ተመራማሪ ጋይ ኒከርቦከር ልባቸው በቆመ ውሾች ላይ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሲሞክር አንድ ነገር አስተዋለ፤ ከባዱን መሣሪያ ደረታቸው ላይ ሲጫነው የደም ግፊታቸው ከፍ ይላል! ከመሐንዲሱ ኩወንሆቨንና ከሐኪሙ ጁድ ጋር ሆነው በ1960 ውጤቱን አሳተሙ። ደረት ሳይቀደድ፣ በሁለት እጅ ብቻ! ሁለቱ መንገዶች ሲጣመሩ ዛሬ ሲፒአር የምንለው ተገኘ።

አሠራሩ ይህ ነው። የወደቀው ሰው ስንጠራው ካልመለሰ፣ ትንፋሹም ከሌለ ወይም አልፎ አልፎ ብቻ የሚያቃትት ከሆነ፣ አንዳችን 907 ደውለን አምቡላንስ እንጥራ፤ ሌላችን ወዲያው እንጀምር።

ለአዋቂ፦ በጠንካራ ቦታ በጀርባው አስተኝተን፣ እጅ በእጅ ላይ ደርበን፣ የደረቱን መሐል ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር እንጫን። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ይሁን። ከእያንዳንዱ ጫና በኋላ ደረቱ ተመልሶ ይነሣ። 30 ጊዜ ከተጫንን በኋላ 2 እስትንፋስ እንስጥ። እስትንፋሱን ያልተማረ ሰው መጫኑን ብቻ ይቀጥል።

ለልጅ፦ እንደ ሰውነቱ በአንድ ወይም በሁለት እጅ፣ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር።

ዓመት ላልሞላው ሕፃን፦ ደረቱን በሁለት እጅ አቅፈን በሁለቱ አውራ ጣቶች፣ ወደ 4 ሳንቲ ሜትር። ስንተነፍስለት አፉንና አፍንጫውን አንድ ላይ በአፋችን ሸፍነን፣ በቀስታ። የልጆች ልብ ብዙ ጊዜ የሚቆመው አየር በማጣት ስለሆነ ለእነሱ እስትንፋሱ እጅግ ያስፈልጋል።

«አጀሉ ደርሶ ነው» የምንል አለን። አጀል በአላህ እጅ ነው፤ ሰበቡን ማድረስ ግን የእኛ ፋንታ ነው። ጽሑፍ አንብቦ ማወቅና እጅ ሲለምደው ማወቅ ይለያያል። ስለዚህ በየሰፈራችን ተሰባስበን አሠልጣኝ እንጥራ፣ በአሻንጉሊት ላይ እንለማመድ። የሚወድቀው የእናታችን ልጅ ሊሆን ይችላልና።

አላህ ሁላችንንም ይጠብቀን!