«ወተቱ አልተስማማውም»፦ የጡጦ ልጆችና የአንድ ጥርጣሬ ታሪክ



በወርሃዊ ስብሰባችን ቡናው ሲቀርብ ደጋግሞ ከሚነሳው ጨዋታ አንዱ የጡጦ ልጅ ጉዳይ ነው። እናት ሥራ ስትገባ፣ ወደ ዐረብ አገር ስትሄድ ወይም በወሊድ ስታልፍ ሕፃኑ በአያት ወይም በአክስት እጅ በጣሳ ወተት ያድጋል። ሆዱ ሲነፋ፣ ሲያስቀምጠውና ሌሊቱን ሲያለቅስ ሲያድር «ወተቱ አልተስማማውም» ይባላል። ከዚያ አንዷ ወተቱን ታቀጥናለች፣ ሌላዋ በአብሽ ውሃ ትተካዋለች፣ አቅም ያላት ደግሞ «ከላክቶስ ነፃ» የሚል ውድ ጣሳ ፍለጋ መድኃኒት ቤት ለመድኃኒት ቤት ትዞራለች። ይህ ጥርጣሬ ረጅም ታሪክ አለው። ታሪኩን ማወቅ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ሕይወትም ያድናል ብለን ስለምናምን እንዲህ አቅርበነዋል። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተቅማጡ በጥርስ ሲሳበብ

በአገራችን የሕፃን ተቅማጥ ለረጅም ዘመን በወተት ሳይሆን በጥርስና በእንጥል ይሳበብ ነበር። ግግ ማስቧጠጥ፣ ያልበቀለ የወተት ጥርስ ማስነቀልና እንጥል ማስቆረጥ ስንቱን ጨቅላ ለደም መፍሰስና ለመመረዝ ዳርጓል። ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። እናቶች ይህን ያደረጉት በክፋት አይደለም፤ ልጅ ሲደክም ዝም ብሎ ማየት አይቻልምና ነው። አሁን በብዙ ቤት የጥርሱን ቦታ «የላክቶስ አለመስማማት» የሚለው ቃል ወስዶታል።

ላክቶስ የወተት ስኳር ነው። በአንጀት የሚፈጨው ላክቴዝ በተባለ ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙ ሲያንስ ስኳሩ ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። እዚያም ውሃ ይስባል፣ ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት ጋዝ ይፈጥራል። የሆድ መነፋቱና ውሃማው ተቅማጥ ከዚህ ይመጣል። ወተት የሚነፋቸው አዋቂዎች እርጎ የሚስማማቸውም ለዚህ ነው፤ ሲረጋ ከስኳሩ ከፊሉ ወደ አሲድነት ተለውጧል።

የጣሳው ወተት ሲወለድ

በ1860ዎቹ ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ከላም ወተት፣ ከስንዴ ዱቄትና ከብቅል የሕፃን ምግብ ቀመረ። በ1867 ደግሞ ሄንሪ ኔስሌ በስዊዘርላንድ ቬቬይ ከተማ ከወተት፣ ከስንዴና ከስኳር የሠራውን ዱቄት ለገበያ አቀረበ። ሁለቱም የእናት ጡት ላላገኙ ሕፃናት የታሰቡ ነበሩ።

ብዙዎቻችንን የሚያስገርም አንድ እውነት አለ። የእናት ጡት ወተት ከላም ወተት ይልቅ ብዙ ላክቶስ አለው፤ በ100 ሚሊ ሊትር የእናት ወተት 7 ግራም ያህል ሲኖር፣ በላም ወተት 5 ግራም አይሞላም። ስለዚህ ላክቶስ ለሕፃን ባዕድ ነገር አይደለም። ጊዜውን ጠብቆ የተወለደ ጤነኛ ሕፃን፣ ከየትኛውም ሕዝብ ይወለድ፣ ላክቴዝ ይዞ ይመጣል።

ጥርጣሬው ስም ሲያገኝ

በ1909 የባልቲሞሩ የሕፃናት ሐኪም ጆን ሩራ ወተት ላልተስማማቸው ልጆች የአኩሪ አተር ዱቄት ስለመጠቀም ጻፈ። በ1959 በእንግሊዝ ማንቸስተር ሆልዜልና ባልደረቦቹ ላክቶስን መፍጨት ስላቃታቸው የተጎዱ ጨቅላዎችን ገለጹ። ይህ ከውልደት የሚመጣ ችግር እጅግ ብርቅ ነው፤ በተሻለ የሚታወቀው በፊንላንድ ሲሆን፣ ሕፃኑ የእናቱን ጡት እንኳ ሲጠባ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ ውሃማ ተቅማጥ ይይዘዋል።

በ1966 ቤይለስና ሮዘንዝዋይግ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ላክቴዝ የሚያንሳቸው አዋቂዎች ከነጮች ይልቅ በጥቁሮች ዘንድ እንደሚበዙ አሳዩ። በ2007 ደግሞ የሣራ ቲሽኮፍ ቡድን የምሥራቅ አፍሪካ ከብት አርቢዎች አዋቂ ሆነውም ወተት የሚፈጩት ከአውሮፓውያን በተለየ የዘር ለውጥ መሆኑን አሳወቀ። «እኛ ወተት አይስማማንም» የሚለው ወሬ ከዚህ ዓይነቱ ዕውቀት ተቆርጦ የመጣ ነው። ግን ይህ ሁሉ ስለ አዋቂና ከፍ ስላለ ልጅ ነው። የ3 ወር ጨቅላን አይመለከትም።

በጡጦ ልጅ ላይ የሚያጋጥሙት ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ከከባድ ተቅማጥ በኋላ የአንጀት ሽፋን ሲጎዳ ለጊዜው የሚመጣ የላክቶስ አለመስማማት ነው፤ አንጀቱ ሲያገግም ይለቃል። ሁለተኛው የላም ወተት ፕሮቲን አለርጂ ነው። ደም የቀላቀለ ሰገራ፣ የቆዳ ሽፍታና ትውከት ይታይበታል። ለዚህ «ከላክቶስ ነፃ» የላም ወተት ምንም አይፈይድም፤ ፕሮቲኑ እዚያው አለና።

ውሃውና ጡጦው

ብዙ ሕፃናትን የገደለው ግን ላክቶስ አልነበረም። በ1939 ሐኪሟ ሲስሊ ዊልያምስ በሲንጋፖር «ወተትና ግድያ» ባለችው ንግግሯ ለሕፃናት የማይስማማ የቆርቆሮ ወተት በማስታወቂያ መግፋትን አወገዘች። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በብዙ ድሃ አገሮች የታየው ችግርም ያው ነበር፦ ያልፈላ ውሃ፣ በደንብ ያልታጠበ ጡጦና እንዲበረክት ተብሎ የቀጠነ ወተት። በግንቦት 1981 የዓለም ጤና ጉባኤ የእናት ጡት ተተኪዎችን ሽያጭ የሚመለከተውን ደንብ በ118 ድጋፍና በ1 ተቃውሞ አጸደቀ። ተቃዋሚዋ አሜሪካ ነበረች።

ወተቱን መቀየርም ሁልጊዜ ከአደጋ ነፃ አልነበረም። በ1979 በአሜሪካ ክሎራይድ የጎደለው የአኩሪ አተር ወተት ሕፃናትን አሳመመ፤ በዓመቱ የሕፃናት ወተት ሕግ ወጣ። በ2003 በእስራኤል ቫይታሚን ቢ1 የጎደለው የአኩሪ አተር ወተት ሕፃናትን ገደለ፣ ሌሎችንም ለዕድሜ ልክ ጉዳት ዳረገ። ከላክቶስ ነፃ መሆን ብቻውን ለልጅ ደኅንነት ዋስትና አይደለም ማለት ነው።

ለእኛ የሚተርፈው

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ግልጽ ነው። ልጁ ሲያስቀምጠው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ውሃው፣ ዕቃውና ልኩ ነው። ውሃው ይፍላ፤ ዱቄቱ ውሃው ገና ትኩስ ሳለ፣ ከ70 ዲግሪ ሳይወርድ ይበጥበጥ፤ ለመጠጣት በረድ ይበል። ልኩ በጣሳው ማንኪያ፣ በተጻፈው መጠን ይሁን፤ ማቅጠን ልጅን ማስራብ ነው። የተረፈ ወተት ይደፋ። ጡጦ ማጽዳት ካስቸገረ ንጹሕ ስኒ ይሻላል። ልጁ ሲያስቀምጠው ኦ.አር.ኤስ. ይሰጠው፣ ወተቱም አይቋረጥ፤ አብዛኞቹ ሕፃናት የለመዱትን ወተት እየጠጡ ይድናሉ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ መጥባት ካቃተው፣ ሰገራው ደም ካለው ወይም ተቅማጡ 14 ቀን ከሞላ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ከላክቶስ ነፃ ወተት የሚያስፈልግ ከሆነም ባለሙያ ይዘዘው፤ አብዛኛውን ጊዜ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው።

ደጋፊዎቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። ጣሳ ወተት ለመላክ ስታስቡ አስቀድማችሁ ጠይቁን። ጡት ለምታጠባ እናት ጣሳው ጡቷን ያደርቅባታል፤ ለእሷ የሚጠቅማት የራሷ ምግብና ዕረፍት ነው። ወላጅ አልባ ሕፃን ለምታሳድግ አያት ደግሞ ጣሳ ብቻውን አይበቃም። ከሰል፣ ፔርሙዝ፣ ክዳን ያለው ስኒ፣ በምታነበው ቋንቋ የተጻፈ መመሪያና ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ የታክሲ ሒሳብ ያስፈልጋታል። እነዚህ በአንድ ላይ ሲሟሉ «ወተቱ አልተስማማውም» የምንለው ልጅ ብዙ ጊዜ ያንኑ ወተት ጠጥቶ ያድጋል።